«እርስዎ ይለፉ»፦ አንዲት ጥያቄና አንድ ብርድ ልብስ ይዤ ሀዋሳ ደርሼ ስመለስ

መጀመሪያ ያወራሁት ለደብረ ብርሃን ጎረቤቴ ነው። ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለ አገር ሁሉ ሞያሌ የሚመስለው ሰው ነው። «እሺ፣ ሀዋሳ ሄደህ ምን አየህ?» አለኝ። «ወረፋ» አልኩት። «እሱማ እዚህም ሞልቷል» ብሎኝ በሩን ዘግቶ ገባ። ስለዚህ ለእናንተ ልጻፈው፤ እናንተ በር አትዘጉብኝም።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። የሂሳብ መምህር ነኝ፤ የማስተምረውም ስለ ወረፋ ነው። ቀልድ አይደለም፣ እንደዚህ የሚባል ትምህርት አለ። ወረፋ መቼ ይረጋል፣ መቼስ እያደገ እያደገ ጅራቱ ይጠፋል የሚለውን ነው የምንመረምረው። ተማሪዎቼ እኔ የማልሰማ ሲመስላቸው «ጋሽ ወረፋ» ይሉኛል። ይህን ሁሉ ዕውቀት ተሸክሜ ግን አንድ ቀን እንኳ ማንንም ቀድሜ አላውቅም። ሰው አሳላፊ ነኝ። ሽማግሌ ካየሁ «እርስዎ ይለፉ»፣ ልጅ ያዘለች ካየሁ «እለፊ እህቴ»። ባለቤቴን ጽጌንም ያገኘኋት እንዲሁ ነው። መብራት ልንከፍል ተሰልፈን እናቷን አሳለፍኳቸው፤ እሷ ከኋላዬ ቀረች። «ሁልጊዜ እንዲህ ነህ?» አለችኝ። «ቀን ቀን ብቻ» አልኳት። ሳቀች፣ አለቀልኝ።

ጽጌ ነርስ ናት። አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩና ከሠርጋችን በኋላ ሀዋሳ ተመድበው እዚያው በኪራይ ቤት ከረሙ። እሳቸው ካለፉ በኋላ እናቷ ሲታመሙ ጽጌ ልታስታምም ብላ ሀዋሳ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተዛወረች። እናቷም አረፉ። ከዚያ ወደ ቤቷ ለመመለስ ዝውውር ጠየቀች፤ «ወረፋ ነው» ተባለች። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። በስልክ በጠየቅኳት ቁጥር «ወረፋ ላይ ነኝ» ትለኛለች። ሌላ ባል ቢሆን ይጮህ ነበር። ጋሽ ወረፋ ምን ይበል?

ሰሞኑን ግን «ቆይ፣ ቤት ገብቼ ልደውልልህ» ስትለኝ አንድ ነገር ልቤን ቆንጠጥ ማድረግ ጀመረ። የቱ ቤት? ድሮ «ቤት» ስትል ደብረ ብርሃን ነበር። እና አንዲት ጥያቄ ይዤ ተነሳሁ፦ «መቼ ነው የምትመለሺው? ለመሆኑ መመለሱን ትፈልጊያለሽ?» ሁለት ጥያቄ ነው ካላችሁኝ፣ መምህር ነኝ፤ አንዱን ጥያቄ ሀ እና ለ ማድረግ ልማዴ ነው።

ሐሙስ

የደብረ ብርሃንን ጠዋት ታውቁታላችሁ፤ ሰው ሲናገር ከአፉ የሚወጣው ግማሹ ቃል ግማሹ ጉም ነው። ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ በላዩ ካፖርት ለብሼ፣ በብብቴ አንድ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ይዤ መናኸሪያ ደረስኩ። ብርድ ልብሱ ለጽጌ ስጦታ ነው። ሀዋሳ ሙቅ አገር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሰው የሚናፍቀውን ሰው ሲያስብ ብርድ ላይ አድርጎ ነው የሚያስበው፤ እኔ እንጃ።

መናኸሪያው ላይ ያው ልማዴን አደረግኩ። አንድ ሽማግሌ አሳለፍኩ፤ ሽማግሌው «ልጄም አለ» አሉ፣ ልጃቸውን አሳለፍኩ፤ ልጁ ጓደኛ ነበረው። አውቶብሱ ሞላና ሄደ። በሚቀጥለው ሄድኩ። ቃሊቲ ስደርስ ደግሞ የሀዋሳው ሚኒባስ የመጨረሻ ወንበር ቀርቶት ነበር፤ የጎማው ጉብታ ያለበት፣ ጉልበት ከአገጭ ጋር የሚገናኝበት። ሞጆን እስክናልፍ ካፖርቴን፣ መቂ ላይ አንዱን ሹራብ፣ ዝዋይ ላይ ሁለተኛውን አወለቅኩ። ዝዋይ ምሳ ልንበላ ስንወርድ ረዳቱ አየኝና «ጋሼ፣ ሻሸመኔ ላይ ምን ሊያወልቁ ነው?» አለኝ። መኪናው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ሌላ የማወልቀው ነገር አልነበረማ።

ሀዋሳ ስገባ አመሻሽ ነው። እኛ ጋ በዚያ ሰዓት ሰው አንገቱን ቀብሮ ወደ ቤቱ ይሮጣል። እዚህ ገና አሁን መውጣታቸው ነው። መንገዱ ሜዳ፣ ዛፉ ብዙ፣ ሰው በሳይክል ቀስ ብሎ እያወራ ይሄዳል። ጽጌ ባህል አዳራሽ አካባቢ ቆማ ጠበቀችኝ። አጭር እጅጌ ለብሳለች። ደብረ ብርሃን ክንዷን የማየው በጥምቀት ፀሐይ ብቻ ነበር፤ ደንግጬ ቆምኩ።

«ምን ያፈዝሃል?» አለችኝ። ከዚያ ብብቴን አየች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ብርድ ልብስ።»

«ለማን?»

«ለአንቺ። ብርድ ቢመጣ።»

«ከየት ነው የሚመጣው? አንተ ይዘኸው ካልመጣህ።» እዚያው መንገድ ላይ ሳቀች። ያንን ሳቅ በስልክ ስሰማው ከርሜ፣ ሳቁ ለካ ትከሻም አለው፣ ዓይንም አለው።

የምትኖረው ወላጆቿ በነበሩበት ቤት፣ በጋሽ ዳንጊሶ ግቢ ነው። ጋሽ ዳንጊሶ የሲዳማ ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ ቁመታቸው ረጅም፣ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት የማይቀሩ። አከራይ ናቸው ብል ይቆጣሉ፤ «አባት ነኝ» ነው የሚሉት። ገና እጄን ሳልታጠብ ቡርሳሜ አስመጡልኝ፤ ቆጮ ነው፣ በቅቤ የራሰ። እኛ ጋ እንግዳ ሲመጣ ቅቤው ከታች ይደበቃል፤ እዚህ ቅቤው ከላይ ተኝቶ እንግዳውን ይጠብቃል። በላሁ፣ «ብላ እንጂ» ተባልኩ፣ ደገምኩ። ከዚያ የግራ ጎረቤት «የሲስተር ባል መጣ ወይ?» ብሎ ገባ፣ የቀኝ ጎረቤት ተከተለ። ጥያቄዬን ላወጣ ባልኩ ቁጥር አንድ ሰው ሰላም ሊለኝ ይገባል። አሳለፍኩ። ጥያቄዬ ተራዋን ስትጠብቅ እኔ ቅቤው አሸንፎኝ ተኛሁ።

ዓርብ

ጽጌ ሥራ ነበረች። ምሳ ሰዓት ላይ አብረን እንብላ ብዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለካ የተቀመጥኩት ወረፋ ላይ ነው። እንደ ልማዴ ሰው አሳልፍ ጀመር፦ ልጅ የታቀፈች፣ ክራንች የያዘ፣ የሚያስላቸው እናት። በኋላ አንዲት ልጅ እግር ከመቀመጫዋ ብድግ አለችና፣

«አባባ፣ እርስዎ ይለፉ» አለችኝ።

ዞር አልኩ። ከኋላዬ ግድግዳ ነው። አባባው እኔ ነኝ።

«የለም ልጄ፣ እኔ አልታመምኩም፣ እንዲሁ ተቀምጬ ነው» ብላት ወንበሩ ሁሉ አዘነልኝ። «አያፍሩ አባባ»፣ «ይግቡ እንጂ» ብለው ደግፈው አስገቡኝ። ጽጌ አንገቷን እንዳቀረቀረች፣

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አለች።

«ልቤን።»

ቀና አለች። ፊቷ ምንም አልተለወጠም፤ ነርስ ናት። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ውሃ ይጠጡ፣ ውጭ ቁጭ ይበሉ። የሚቀጥለው!»

ወጥቼ ውሃ ጠጣሁ።

እዚያው ጤና ጣቢያው ውስጥ ምሳ ስንበላ ጽጌ ስለ ሥራው አወራችኝ። «አንድ ነገር አይገባኝም። ቢቆጠር እኮ የሚመጣው ሰውና እኛ የምናስተናግደው እኩል ነው። ታዲያ ወረፋው ለምንድን ነው ዕለት ከዕለት የሚረዝመው?»

ይህን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው ነበር ማለት ይቻላል። ማንም ጠይቆኝ አያውቅማ! «እኩል ሲሆን ነው የሚብሰው» አልኳት። «ሰው በእኩል ሰዓት ልዩነት አይመጣም። ጠዋት ላይ ማንም ሳይመጣ ባዶ የተቀመጥሽበት ሰዓት አለ አይደል? ያ ሰዓት አይጠራቀምልሽም፤ ሄደ። ከሰዓት ሰው ሲጎርፍ ጠዋት የተረፈሽን እጅ አምጥተሽ አትሠሪበትም። የሚመጣው ከሚስተናገደው እኩል ከሆነ ወረፋው ወደ ኋላ አይመለስም፣ ቀስ እያለ ያድጋል። እንዲረጋ ከተፈለገ የሚያስተናግደው መስኮት አቅም ሊተርፈው ይገባል። ትርፍ የሌለው ወረፋ አይረጋም።»

ሹካዋን አስቀምጣ አየችኝ። «ናፍቆትም እንደዚያ ነው በለኛ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ለአራት ቀን መጥቼ ስሄድ ሒሳቡን የዘጋሁ ይመስለኛል። ግን እኔ ደብረ ብርሃን ባዶ ቤት ውስጥ ከግድግዳው ጋር ስፋጠጥ ያመሸሁበት ጊዜ ለዛሬ አልተጠራቀመልኝም። ናፍቆቱ ብቻ ነው የሚጠራቀመው። ያኔ ጥያቄዬን ላወጣት አፌን ከፈትኩ። አንድ ታካሚ መስኮቱ ጋ ቆሞ «ሲስተር፣ አንድ ደቂቃ» አለ። ጽጌ ወደ እኔ ዞረች። «ይለፍ» አልኳት። ምን ልበል?

ቅዳሜ

ጽጌ ግማሽ ቀን ሥራ ስለገባች ጋሽ ዳንጊሶ አሞራ ገደል ወሰዱኝ። ጀልባዎቹ ደርሰው ዓሣው እየወረደ ነው። እኛ ጋ በግ ሲገዛ አንድ ሰው ጆሮ ይይዛል፣ አንድ ሰው ወገብ ይጨብጣል፣ ጊዜ አለ። እዚህ ጀልባው ሳይቆም ዓሣው ተሸጦ አልቋል። እኔ የወረፋውን ጫፍ እፈልጋለሁ። «ማን ነው መጨረሻ?» ብዬ ብጠይቅ ሰዉ ገፍቶኝ አለፈ። በመጨረሻ በሥርዓት ተሰልፈው ያገኘኋቸው እነዚያን ቁመተ ረጃጅም ራሰ በራ ወፎች ብቻ ነው። የዓሣ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። አጠገባቸው ቆምኩ። አንዱ ዞር ብሎ ራሰ በራዬን አየና ቦታ ለቀቀልኝ፤ ዘመድ መሰልኩት መሰለኝ።

ጋሽ ዳንጊሶ በሲዳምኛ አንድ ነገር ተጣርተው ዓሣውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ተጠበሰልን፣ ሾርባውም መጣ። ስንበላ አየት አደረጉኝና ሳቅ አሉ።

«መምህር፣ አንተና ሲስተር አንድ ናችሁ። ሰው ማሳለፍ ትወዳላችሁ።»

«እሷ እንኳን ከእኔ ትሻላለች» አልኩ ዓሣውን እየለቀምኩ።

«ምን ትሻላለች! እሷም ያው ናት። የዝውውር ተራዋ ደርሶ ለዚያች ለሥራ ጓደኛዋ፣ ለመንታ እናት፣ ለቀቀችላት አይደለም እንዴ? እኛ ሁላችን ነው ያለቀስነው። የልጅቱ ባል እዚያው በናንተ በኩል ነው፤ ልጆቹ አባታቸውን በስልክ ነበር የሚያውቁት። ‹አንቺ ሂጂ፣ እኔ እደርሳለሁ› አለቻት። ጸሎት ቤት ላይ ስሟን ጠርተን ጸለይንላት።»

አጥንቱ እዚህ ጋ ነው የተሰነቀረው። የዓሣውን ማለቴ ነው። ሳልኩ፣ ቀላሁ፣ ሻጩ ዳቦ አጎረሰኝ፣ አንዲት ሴትዮ ሙዝ ይዛ ሮጠች፣ ጋሽ ዳንጊሶ ጀርባዬን ምንጣፍ እንደሚያራግፍ ሰው ደበደቡኝ። አጥንቱ ወረደ። ሌላው አልወረደም።

«አልነገረችህም ለካ» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ይቅር በለኝ ልጄ።»

«ነግራኛለች» አልኩ። ውሸት ነው። እሳቸውን ግን ላሳዝን አልፈለግኩም። ተመልከቱ፣ ያን ጊዜም እያሳለፍኩ ነበር።

እሑድ

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳምን፤ ጋሽ ዳንጊሶ ከጸሎት ቤታቸው ሲመለሱ ምሳ አብረን በላን። ከሰዓት እኔና ጽጌ ሐይቅ ዳር ወረድን። ፊት ለፊታችን ውሃ ነው። እኛ ጋ አሻግረህ የምታየው ሁሉ ገደልና ገብስ ነው፤ ዓይንህ የሚያርፍበት አለው። እዚህ ዓይን ይሄድ ይሄድና አይመለስም።

«ተራሽ ደርሶ ነበር» አልኳት።

«ጋሽ ዳንጊሶ ናቸው የነገሩህ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?»

አሰብኩ። መዋሸት አልቻልኩም። «‹ጥሩ አደረግሽ› እልሽ ነበር።»

«ለዚያ ነው ያልነገርኩህ።» ወደ ውሃው ዞረች። «ሁሉም ‹ጥሩ አደረግሽ› አለኝ። ጋሽ ዳንጊሶ አለቀሱ፣ የሥራ ጓደኞቼ አቀፉኝ። አንድ ሰው እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር። አንድ ሰው ‹እኔ እዚህ ብቻዬን ነኝ፣ ለምን ለቀቅሽ!› እንዲለኝ። ያ ሰው አንተ ነበርክ። አንተ ደግሞ እኔንም እንደ ተራህ ለሰው የምትለቀኝ መሰለኝ።»

«እኔ እኮ መመለሱን የጠላሽው መስሎኝ ነው የመጣሁት።»

«ሞኝ!» አለችኝ። ይህን ቃል ከመምህርነት የምስክር ወረቀቴ የበለጠ ነው የማከብረው።

«እሺ፣ ተቆጣሁ» አልኩ።

«እንደሱ አይደለም።»

«ለምን ለቀቅሽ?»

«አሁንም ትምህርት ቤት ነህ።»

ተነሳሁ። «ለምንድን ነው የለቀቅሽው! እኔስ? እኔ ሰው አይደለሁም? እኔስ ማን አለኝ!» ጮህኩ። ድምፄ ሲሰበር ራሴም ሰማሁት። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ቆሙ፣ አንድ ጎረምሳ ሳይክሉን አቆመ። ጽጌ ዓይኗን ጠረገችና እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። «አሁን ደረስክ» አለችኝ።

በትምህርታችን ውስጥ የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ፤ እዚያው ነገርኳት። ሁለት መስኮት አስቡ። ባለጉዳይ ሁሉ ሁለቱንም ማዳረስ አለበት፤ ግማሹ ከዚህኛው ይጀምራል፣ ግማሹ ከዚያኛው። እያንዳንዱ መስኮት ለብቻው ሲታይ አቅም ይተርፈዋል። ከዚያ አንድ ደግ ሕግ ይወጣል፦ «ሊጨርስ የመጣ ቅድሚያ ያግኝ።» ማን ይቃወማል? ግን አንዱ መስኮት የሚጨርሱትን ሲያስተናግድ የሚጀምሩትን ያቆማል፤ ስለዚህ ሌላኛው መስኮት ማንም አይደርሰውም፣ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ቆይቶ ይገለበጣል። አንዱ ሲሠራ ሌላው ሥራ ይፈታል፣ ወረፋው ግን በሁለቱም በኩል ያድጋል። ጥፋቱ የማንም አይደለም። ሁለቱም ደግ ናቸው።

«እኛ ነና» አለች ጽጌ። «እኔ ፈቃድ ሳገኝ አንተ ፈተና ታርማለህ፤ አንተ ስታርፍ እኔ ተረኛ ነኝ።»

«መፍትሔው ቅድሚያውን መቀየር ነው።»

«እሺ። ተራዬ እንደገና ሲደርስ ማንንም አላሳልፍም።»

«ማይልኝ።»

«ጋሽ ዳንጊሶ ይሙቱ! ማንንም።»

«እኔም ወደዚህ ዝውውር ልጠይቅ?»

«እንዳትሞክር! አንድ ቀን ለሁለታችንም ይደርሰንና ሞጆ ላይ እንተላለፋለን።»

ሰኞ

መናኸሪያ ስንደርስ ወረፋው በሩን አልፎ ወጥቷል። ብርድ ልብሱን ጽጌ ናት የያዘችው። «ውሰደው» አለችኝ። «የሚያስፈልገኝ እዚያ ነው። ስመጣ አገኘዋለሁ።»

እዚህም እኛም ጋ ያለ አንድ ልማድ አለ፤ ለውጭ አገር ሒሳብ ሊቅ ቢነገረው አያምንም። ሰው ድንጋይ ወይ ቦርሳ ወረፋው ላይ አስቀምጦ ጥላ ሥር ይቆማል፤ ዕቃው ሰው ሆኖ ይሰለፋል። እኛም ብርድ ልብሱን አሰለፍነው። ዛፍ ሥር ቆምን። እጇን ያዝኩ፣ ላበኝ፣ አልለቀቅኩም። ወረፋው በተነቃነቀ ቁጥር ከኋላ ያለው ሰው ብርድ ልብሱን በሁለት እጁ አንስቶ ወደ ፊት ያስቀምጥልናል፤ አቧራ እንዳይነካው ብሎ ሳይጎትተው። ወረፋ መቼ ነው የሚረጋው እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ። ያን ቀን ግን ወረፋው ዝም ብሎ ቢያድግ፣ ጫፉ ሞያሌ ቢደርስ ደስ ባለኝ።

ያን ጊዜ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት በአንድ እጇ ፌስታል፣ በአንድ እጇ ሌላ ሕፃን ይዛ መጥታ የወረፋውን ጫፍ በዓይኗ ፈለገች። ጽጌ ከእጄ ሳትላቀቅ ዞር ብላ፣

«ነይ እህቴ፣ ከእኛ ፊት ግቢ» አለቻት።

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ሁለታችንም ተያየን። እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ሳቄ ገነፈለ፣ እሷም ትከሻዬ ላይ ተደፍታ ሳቀች፣ ሳቁ መጨረሻው ላይ ምን እንደሆነ አልናገርም። ሴትየዋ የሳቅንባት መስሏት «ምን አጠፋሁ?» አለች። «ምንም የኔ እመቤት» አልኳት። «እለፊ።»

በዚህ መሐል ረዳቱ ከበሩ ላይ ሆኖ ጮኸ፦ «የማነው ይሄ ብርድ ልብስ? ተራው ደርሷል! ብርድ ልብሱ ይግባ!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሮጥኩ። ዞር ስል ጽጌ ዛፉ ሥር ናት፤ በአጭር እጅጌዋ፣ እጇን ከፍ አድርጋ። መኪናው ሲታጠፍ አላየኋትም።

ያን ሁሉ ሙቀት፣ ከሻሸመኔ እስከ ሞጆ፣ ብርድ ልብሱን ጭኔ ላይ አድርጌ መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «ጋሼ፣ ለምን ከላይ አይጭኑትም?» ቢለኝ «ሰው ነው» አልኩት። ወደ መስኮቱ ተጠጋልኝ።

ማታ ቤቴ ገባሁ። ብርዱ እንደ ተውኩት በሩ ላይ ይጠብቀኛል። ብርድ ልብሱን ፈትቼ አልጋው ላይ አነጠፍኩት፤ በእኔ በኩል አይደለም፣ በእሷ በኩል ነው። እኔ በአሮጌው ተኛሁ። ስለ በረደኝ ሌሊት ሌሊት እጄ ወደዚያ ይሄዳል፣ እመልሰዋለሁ። አልነካውም። ተራ ይዞላታል።